አንገቱ፣ ቡናና አንግሊካን

አንገቱ የማን አንገት ነው? ከሮቤ ስንነሳ አጠገቤ የተቀመጠው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እየሳቀ የጠየቀኝ ይህንን ነው። መልስ ሳላገኝለት ጎባን አለፍን፤ ሽቅብ ወጥተን ሰነቴ ላይ ስንደርስ ደግሞ ብርዱ አፌን ዘጋው። ሰነቴ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ በ4377 ሜትሩ ከጎን ቆሞ ቁልቁል ያያችኋል። አንዲት ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አድብታ ነበር። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ፤ ሹፌሩ ግን የጎረቤት ውሻ ያየ ያህል እንኳ አልደነቀውም። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሪራን ታልፉና ሐረና ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ጋቢው ውስጥ የተጠቀለለ ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ይጀምራል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሏል። አንገቱ የዚህ አገር፣ የሐረና ቡሉቅ ከተማ ናት።

የሄድኩበት ጉዳይ የማር ነበር። እሱን ሌላ ቀን አወጋችኋለሁ፤ የተቀጣጠርኩት ሰው ስላልመጣ ዛሬ ባነሳው ሐሜት ይሆንብኛል። ቀጠሮዬ ሲፈርስ ያ ተማሪ «አክስቴ ቤት ቡና እንጠጣ» ብሎ ወሰደኝ።

አክስቱ ጀበናውን ጥዳ ነበር። እንግዳ ስታይ ግን ሌላ ድስት አነሳች። ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ እፍኝ ዘግና ፍሬ በፍሬ እያነሳች ጫፉን በጥርሷ ነከስ አደረገችና ቅቤ ውስጥ ጣለችው። ቡና ቀላ ይሉታል፤ የታረደ ቡና ማለት ነው። ንክሻው ነው እርዱ። ቅቤው ሲግል ፍሬው ይንጣጣል፤ ቤቱ በአንዴ ቡናም ቅቤም ይሸታል። ከዚያ በእጃችሁ ይሰጧችሁና ከነቅቤው ትቆረጥሙታላችሁ። እኔ የአዲስ አበባው ሰው ሁለቱን አኘኩና ሦስተኛውን ጉንጬ ውስጥ ደብቄ ብዙ ቆየሁ። ቅቤው ክርኔ ድረስ ወርዶ ነበር።

ይሄኔ ነው የተማሪው አጎት ሐጂ ገብተው የተቀመጡት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ አዩኝ አዩኝና፦

«አንተ የየትኛው ነህ?»

«ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ሐጂ።»

«ጴንጤ በለኛ። የትኛው? መካነ ኢየሱስ? ቃለ ሕይወት? ሙሉ ወንጌል?»

ሦስቱን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሮቤ ላይ ቤት ያከራያሉ ለካ፤ ተከራዮቻቸው እሑድ እሑድ ወዴት ወዴት እንደሚበተኑ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የራሴን ነገርኳቸውና፣ ሰሞኑን ግን ስለ ሌሎች፣ ስለ አንግሊካኖች እየጻፍኩ መሆኔን ጨመርኩ።

«አንግሊ... እንግሊዝ?»

ወጋችን በዚህ ተጀመረ። እናንተም ስኒያችሁን ያዙ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራችሁ፤ በእኛ ማሰብ የፈለገ ሰባት ወይ ስምንት ይቀንስ።

አንግሊካን አዎ፣ መነሻው የእንግሊዝ አገር ቤተ ክርስቲያን ነው። ጳጳስ አለው፣ ቄስ አለው፣ ዲያቆን አለው፤ የታተመ የጸሎት መጽሐፍ አለው፤ ቄሱ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ይቆማል። የእኛ አገር ጴንጤ ሲያየው «ይሄ ኦርቶዶክስ ነው» ይላል። ኦርቶዶክሱ ገብቶ ስብከቱን ሲሰማ ደግሞ «ይሄማ ጴንጤ ነው» ብሎ ይወጣል። በተለይ ወንጌላውያን የሚባሉት አንግሊካኖች ስብከት ላይ ብርቱ ናቸው፤ መጽሐፉን ቁጥር በቁጥር ይፈቱታል። ካምብሪጅ ውስጥ ቻርልስ ሲምዮን የሚባል ቄስ ነበር። በ1782 ሲሾም የደብሩ ሰዎች ሌላ ቄስ ነበር የፈለጉት፤ ስለዚህ የየራሳቸውን ወንበር በር ቆልፈው ቀሩ። ያኔ ወንበሩ እንደ ሳጥን በር ያለው፣ ባለቤት ያለው ነበር። ሊሰማው የመጣው ሰው መተላለፊያው ላይ ቆመ። ሲምዮን በገንዘቡ አግዳሚ ገዝቶ ቢያስገባ አውጥተው ጣሉበት። ቁልፉ ለዓመታት አልተፈታም። እሱ ግን እዚያው ደብር 54 ዓመት አገለገለና በ1836 እዚያው ሞተ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ኪራይ አልከፈለም ይሆናል» አሉ።

ይህ ሲምዮንና ጓደኞቹ ናቸው በ1799 ለንደን ላይ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ማኅበር የሚባለውን ያቋቋሙት። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ የሚሄድ ሰው ግን አልተገኘም። የእንግሊዝ ቄሶች አገራቸውን ለቀው ወደ አፍሪካ ለመሄድ አልፈጠኑም። ማኅበሩ ሲጨንቀው ባዝል ከተማ ካለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ጀርመንና ስዊስ ወጣቶችን እየወሰደ መላክ ጀመረ። ስለዚህ ወደ እኛ አገር የመጡት «የእንግሊዝ ሃይማኖት» ሰዎች፣ ጎባት ስዊስ፣ ኢዘንበርግና ክራፍ ጀርመን ነበሩ።

ከእነሱ በፊት ግን መጽሐፉ ነበር፤ እሱም የአንድ አበሻ ሥራ ነው። አቡ ሩሚ ይባላል፣ የጎጃም ሰው። እግሩ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ኢየሩሳሌም፣ ፋርስ፣ ሕንድ ድረስ ዞሯል። በመጨረሻ ካይሮ ላይ አስላን ደ ሸርቪል ከተባለው የፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ለአሥር ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው ተቀመጡ። አቡ ሩሚ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ፤ በእጅ ጽሑፉ ከ9 ሺህ ገጽ በላይ ነበር። የታተመ መጽሐፉን ሳያይ በወረርሽኝ ሞተ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ የአንግሊካኑ ማኅበር ቄስ ክምሩን ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ የፈረንሳይ ዲፕሎማትና የጎጃም መንገደኛ የግብፅ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሠሩትን እንግሊዞች መግዛታቸው ነው። ሐጂ ግን ወረቀቱ ላይ ቀሩ፤ «ዘጠኝ ሺህ ገጽ በስንት ግመል ይጫናል?» እያሉ ከተማሪው ጋር ሒሳብ ጀመሩ።

ወንጌላቱን ይዘው በ1829 መጨረሻ ምፅዋ የደረሱት ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ናቸው። የትግሬው ገዥ ሰባጋዲስ በደህና ተቀበሏቸው። ኩግለር በዓመቱ ገደማ ጠመንጃ ፈንድቶበት ዓድዋ ላይ ሞተ። ጎባት ጎንደር ወጣ። እዚያ ያደረገውን ነገር ስታነቡ ደስ ይላችኋል፤ እጨጌው ዘንድ እየሄደ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል፣ ያነባል። ቤተ ክርስቲያን ልሥራ አላለም። «የእናንተ መጽሐፍ ነው፣ በምትሰሙት ቋንቋ አብረን እናንብበው» ነው ነገሩ። ካህናቱ ሲቆጡ ዝም ይላል፤ ሲረጋጉ እንደገና ይጀምራል።

ይሄኔ ተማሪው ጣልቃ ገብቶ «አንገቱን ደፍቶ!» አለ። የጠዋቱን ጥያቄውን አልረሳም ነበር። እውነቱን ነው፤ አንገቱ የማን ነው ካላችሁ የጎባት ይሁን።

ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ካርል ኢዘንበርግ ያንን አንገት አልወረሰም። ሊቅ ነው፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1841፣ ሰዋስዉ በ1842 ለንደን ላይ ታትመዋል፤ እስከ ዛሬም የቋንቋ ሰዎች ያነሷቸዋል። ነገር ግን ዓድዋ ላይ ስለ እመቤታችን ክብርና ስለ ጾም ሲናገር ለሰው ስሜት የሚጨነቅ አልነበረም። ሰው ቤት ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል መንቀፍ በየትኛው አገር እንደሚያስመሰግን አላውቅም። በ1838 ደጃዝማች ውቤ እሱንም ገና የመጣውን ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፍንም ካገር አስወጧቸው። ክራፍን አቆዩልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጎባት ታሞ ከአገራችን ቢወጣም አልረሳንም። በ1846 የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ፤ እዚያ ያሉትን አበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያግዝ ነበር። ለአፄ ቴዎድሮስም የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወጣት ሰባክያን አሰባስቦ ላከ። ሐሳቡ አናጺውና ቀጥቃጩ እየሠራ ወንጌሉን ያስተምራል የሚል ነበር። ንጉሡ ደግሞ በሰባኪ ፋንታ ቀጥቃጭ አዩ። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው የቆመው ሴባስቶፖል እነዚሁ ሰዎች ጋፋት ላይ ያቀለጡት ነው። ወንጌል ሊዘሩ መጥተው መድፍ አፈሰሱ። ብዙ የሚስዮን ታሪክ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ያለ የሪፖርት ጭንቅ ግን አላየሁም። ለለንደኑ ወይም ለኢየሩሳሌሙ ጽሕፈት ቤት «የዚህ ዓመት ፍሬያችን» ተብሎ ምን ይጻፋል?

ሄንሪ ስተርን የሚባለው ደግሞ ለቤተ እስራኤል ወንጌል ሊያደርስ በአንግሊካኑ የለንደን ማኅበር የተላከ ነበር። በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ እንደነበሩ ጻፈ። መጽሐፉ ዞሮ ንጉሡ ጆሮ ገባ። በ1863 ንጉሡ ፊት ቀርቦ አስተርጓሚዎቹ ሲደበደቡ ጣቱን ነከሰ፤ ንክሻው ዛቻ ነው ተብሎ እሱም ተደበደበ። ሁለቱ አስተርጓሚዎች በዚያው ሞቱ። እሱ በሰንሰለት ቆይቶ በ1868 መቅደላ ላይ ተፈታ። ስለ ስተርን ስቃይ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሁለቱ አስተርጓሚዎች ግን ይህን ያህል አልተጻፈም። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም።

ሐጂ እዚህ ላይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የሰው እናት አይነካም» ብለው ለእህታቸው በኦሮምኛ ደገሙላት። እሷም አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። በ1922 ከእነ ሲምዮን ማኅበር ተለይቶ የወጣ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ላይ ጠንካራ የሆነ ሌላ የአንግሊካን ማኅበር ተቋቋመ። አልፍሬድ በክስተን የተባለው ሰው በ1934 የዚህን ማኅበር ሥራ አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። በክስተን ወጣት ሳለ ኮንጎ ጫካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የተከለ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን አንድም የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሊያቋቁም አልፈለገም። ሐሳቡ የጎባት ሐሳብ ነበር፦ አገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ቃሉን ለካህናቱና ለዲያቆናቱ እንርዳ፣ ቤቱ ከውስጥ ይታደስ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ገባ። በክስተን በ1940 ለንደን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት በቦምብ ሲመታ ሞተ። ዴቪድ ስቶክስ የተባለው ባልደረባው ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ቀጠለው።

ይህን መንገድ ከሁሉ አርቆ የሄደው ግን፣ ለእኔ፣ ሮጀር ካውሊ ነው። የአንግሊካን ቄስ ነው፤ ከኢትዮጵያ መምህራን እግር ሥር ቁጭ ብሎ አንድምታ የተማረ ፈረንጅ። ትርጓሜውን «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ከአፋቸው ለቀመው። በ1983 የራእየ ዮሐንስን አንድምታ፣ በ1988 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ የጻፈውን መጽሐፍ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አሳተመለት። በዚያው በ1988 ሞተ። ዛሬ የውጭ አገር ምሁር ስለ አንድምታ ሲጽፍ ካውሊን ሳይጠቅስ አያልፍም። ሊያስተምር መጥቶ ተማሪ ሆኖ የቀረ ሚስዮናዊ ልበለው?

ተማሪው በዚህ ጊዜ ሰልችቶት ስልኩን አወጣ። «ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው? የመጡት ሁሉ መጽሐፍ ብቻ ጽፈው ሄዱ እኮ!»

አዲስ አበባ ቅዱስ ማቴዎስ አለ፤ ለብዙ ዘመን የውጭ አገር ሰዎች ደብር ነበር። ዋናው ዜና ግን ጋምቤላ ነው፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያንዛዛሁት።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ የእነ ሲምዮን ማኅበር በ1905 አካባቢ ቦር አጠገብ ማለክ ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የሚሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በ1983 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ አኙዋኩ ድንበር እየተሻገረ ኢታንግና ፉኝዶ መጠለያዎች ገባ። ሚስዮናውያኑ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ነጭ ቄስ የለም፤ መንደሩ ተቃጥሏል። ሕዝቡ በእምነት የበዛው በዚያ ዘመን ነው። ዲንካዎቹ መዝሙር በመዝሙር ላይ ደረሱ፤ ሜሪ አልዌል ጋራንግን የመሰሉ የቦር ሴቶች የስደቱን ሐዘን በዜማ አስቀመጡት። መስቀል ከእንጨት ጠረቡ፤ የጥይት ቀለህ አቅልጠው አስጌጡት። ጸሎቱን በቃላቸው ይዘው፣ መስቀሉን በእጃቸው ጨብጠው በእግራቸው ጋምቤላ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ከለንደን የተላከ አይደለም።

ሐጂ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። «ቡናችን እንደዚያ ነው» አሉ ወደ ጫካው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ማን ተከለው? ጉሬዛው በልቶ፣ ወፉ በልቶ ይጥለዋል።» ከዚያ ወዲያው የዘንድሮ ጀንፈል ዋጋ ትዝ ብሏቸው መናደድ ጀመሩ፤ ወደ ጋምቤላ ለመመለስ አንድ ሙሉ ስኒ ፈጀብኝ።

አንድ ጊዜ ለሥራ ጋምቤላ ሄጄ አንድ እሑድ ከእነሱ ጋር አሳልፌያለሁ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን ነው፤ ውጭ የማንጎ ዛፍ፣ ውስጥ የባሮ ወንዝ ሙቀት። ከበሮው የተጀመረው እኔ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። ነጭ የለበሱ እናቶች መስቀላቸውን እያወዛወዙ ይገባሉ። ሰባኪው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ አንዱ ወደ ኑዌር፣ ሌላው ወደ አኙዋክ ይመልሳል። ሰባኪው ቀልድ አወራ። እኛ አራት አምስት የሆንነው ወዲያው ሳቅን። ኑዌሮቹ ትንሽ ቆይተው ሳቁ። አኙዋክ ጋ ሲደርስ ግን ቀልዱ በመንገድ አድጎ ነበር መሰለኝ፣ ቤቱ በእግሩ ቆሞ ነው የሳቀው። ሰባኪው ራሱ ምን እንዳለ ሊጠይቅ ዞር ሲል አየሁት።

ይህን የምነግራችሁ ለቀልዱ ብቻ አይደለም። በ2016 መጀመሪያ ጋምቤላ ላይ በኑዌርና በአኙዋክ መካከል ደም ፈሷል። እዚያች ከተማ ውስጥ ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው፣ የአንዱን ቃል የሌላው አንደበት ሲያደርሰው ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ከ2007 ጀምሮ ለአፍሪካ ቀንድ የተለየ ጳጳስ ተሾመላቸው፤ የመጀመሪያው አንድሩ ፕራውድ ነበሩ። ከ2012 እስከ 2017 ካናዳዊው ግራንት ለማርኳንድ አገለገሉ፤ መቀመጫቸውን ጋምቤላ አደረጉ። ባለቤታቸው ዶክተር ዌንዲ ሐኪም ናቸው፤ እናቶችን ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ያስተምሩ ነበር። የቅዱስ ፍሬምናጦስ ኮሌጅ የተጀመረው በእኚሁ ጳጳስ ዘመን ነው። ሰባኪዎቹ ብዙዎቹ በቃል የተማሩ፣ ካምፕ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ኮሌጁ ኑዌሩን፣ አኙዋኩን፣ ዲንካውን፣ ኦፖውን፣ ማባኑን በአንድ ክፍል ሰብስቦ መጽሐፉን ያስተምራል። በ2013 መጨረሻ የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደገና ሲፈነዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጋምቤላ ገብቷል፤ እዚያ ካምፕ ውስጥ ሰባኪ መሆን ማለት ግማሹ ቀብር፣ ግማሹ የጎረቤት እርቅ ነው።

የኮሌጁን ስም ልብ በሉልኝ። ፍሬምናጦስ የእኛው አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ነው፤ በአራተኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የመጣልን። ከዚያ በኋላ እስከ 1951 ድረስ ሊቀ ጳጳሳችን ከግብፅ ነበር የሚመጣው። እንግዲህ በ2020 አንግሊካኖቹ አዲስ አውራጃ ሲያቋቁሙ፣ ግብፅን፣ ሰሜን አፍሪካን፣ የአፍሪካ ቀንድንና ጋምቤላን አንድ ላይ አድርገው ስሙን ምን አሉት? እስክንድርያ። እኛ ከስንት ዘመን ጥያቄ በኋላ ከእስክንድርያ ተላቀን የራሳችንን ፓትርያርክ ስንሾም፣ ኑዌሮቹ በሌላ በር ዞረው እዚያው እስክንድርያ ገቡ! ይህን ለአንድ የቤተ ክህነት ወዳጄ ነግሬው ሻዩ ትን ብሎታል።

ሐጂ ግን ግብፅም እስክንድርያም አላስደነቃቸውም። ሌላ ነገር ነበር የሚጠብቁት።

«ያ ቆይ ያልከው ሰውዬስ?»

«ክራፍ?»

«እሱ። ጎንደር አልክ፣ ትግሬ አልክ፣ ጋምቤላ አልክ። ወደ እኛ፣ ወደ ኦሮሞው የመጣ የለም?»

አለ፤ ሊመጣ የፈለገ አለ። ክራፍ ከትግሬ ሲባረር ተስፋ አልቆረጠም፤ በታጁራ ዞሮ በ1839 አንኮበር ገባ፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ። እዚያ ኦሮሞውን አየ፣ ልቡም እዚያው ቀረ። ኦሮምኛ ተማረ፣ ወንጌል መተርጎም ጀመረ፤ በወንጌል በኩል የምሥራቅ አፍሪካ ተስፋ ይህ ሕዝብ ነው ብሎ አመነ። በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ሊመለስ ቢል በሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው በደቡብ እዞራለሁ ያለው። ሞምባሳ ብወርድ፣ ከዚያ ሽቅብ ብሄድ ኦሮሞው አገር እደርሳለሁ ብሎ አሰበ። ካርታው ላይ ጣታችሁን ከሞምባሳ ሽቅብ ብታንቀሳቅሱ ቦረናን አልፋችሁ ወደ እነዚህ ተራሮች ትጠጋላችሁ።

አልደረሰም። በ1844 ሞምባሳ ወረደ፤ ራባይ ላይ ጣቢያ ሠራ፤ በ1849 የኬንያን ተራራ በረዶ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆነ። ዛሬ ኬንያ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩት አንግሊካኖች የታሪካቸውን መጀመሪያ ከእሱ ይቆጥራሉ። ለኦሮሞው የታሰበችው መንገድ ኬንያን ወለደች። ብቻ እዚያው አልቀረችም፤ በ1930ዎቹ የበክስተን ማኅበር ሰዎች ማርሳቢት ላይ ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ማርሳቢት ሀገረ ስብከት ናት፤ እሑድ እሑድ በቦረና ኦሮምኛ የሚጸልዩ አንግሊካኖች አሏት። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ የጨረሱት ደግሞ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው፤ በ1899 ስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ላይ ታተመ፤ የጎባት ቀጥቃጮች ሠልጥነው የወጡበት ያው ተቋም።

«ማርሳቢት ሩቅ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ከብት የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል።»

ክራፍ ወደ ሸዋ ለመመለስ ያደረገውን የመጨረሻ ሙከራም ነገርኳቸው። በ1843 ነው። ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ከሮዚና ጋር ምፅዋ ወርዶ ወደ ትግሬ ሲጓዙ፣ በበረሃው መካከል ምጥ መጣባት። ጊዜው አልደረሰም ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጥቂት ሰዓት ቆይታ ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት። ከመሞቷ በፊት አባትየው አጥምቋት ነበር፤ ስም ሲያወጣላት የጀርመን ስም አላወጣም፣ በአማርኛ አወጣ። በዓመቱ ሮዚናም ሞምባሳ ላይ ሞተች።

አክስትየዋ አማርኛው ያመለጣት መስሎኝ ነበር። ረከቦቱን ልታነሳ ብድግ ብላ ሳለ መልሳ ቁጭ አለችና በኦሮምኛ ጠየቀች። ተማሪው ተረጎመልኝ፤

«ስሟን ማን አላት? ነው የምትለው።»

«እንባ» አልኩ።

ሐጂ ወደ እህታቸው ዞረው ቀስ ብለው «ኢሚማን» አሏት።